ከሰልሽ ጥሬ ነው፣ እርጥብ ነው ወይስ አፈር?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ሳቢያን ነው የምኖረው። ከእናቴ ጋር ከሰል እንሸጣለን። በማዳበሪያ እየተረከብን ለሰፈሩ ሰው በፌስታል እንቸረችራለን። ዘንድሮ ደንበኛው በዛ፤ ቅሬታውም አብሮ በዛ። አንዷ ይጨሳል ትላለች። ሌላዋ እየተንጣጣ የልጄን ልብስ በሳው ትላለች። ሌላዋ ደግሞ ቡናው በረካ ሳይደርስ አመድ ሆነብኝ ብላ ትመልስልናለች። ስንረከብ ጥሩውን በምን እንለይ? የገዛነውንስ እኛ ራሳችን ማሻሻል እንችላለን? ደግሞ እናቴ አቧራ እንዳይነሳ እያለች ከሰሉ ላይ ውሃ ትረጫለች። ችግር አለው?»

ድሬ ላይ አንቱታ አይወደድም። ስለዚህ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

ደንበኞችሽ የሚያወሩት ስለ አንድ ችግር አይደለም። የሚጨሰው ጥሬ ከሰል ነው። የሚንጣጣው አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ነው። ቶሎ አመድ የሚሆነው ደግሞ ወይ ከቀላል እንጨት የተሠራ ነው፣ ወይ ድቃቂና አፈር በዝቶበታል። ጥሬነት እንጨቱ ከሚከስልበት ጉድጓድ ነው የሚመጣው። አንዴ ሱቅሽ ከገባ በኋላ ማንም አያበስለውም። እርጥበቱንና አፈሩን ግን አንቺና እናትሽ በሁለት በሦስት ቀን ታስተካክሉታላችሁ። ስለዚህ ጥሬውን ከበር መልሺው፤ የቀረውን ቤት አስገብተሽ አክሚው።

ከጥሬው እንነሳ። ከሰል የተቃጠለ እንጨት አይደለም። አየር ተከልክሎ የበሰለ እንጨት ነው። አክሳዩ እንጨቱን ይከምራል፣ በሣርና በቅጠል ይሸፍናል፣ አፈር ያለብሰዋል፣ ከዚያ በአንድ በኩል ይለኩሰዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ ወፍራም ጭስ በአብዛኛው የእንጨቱ ውሃ ነው። ሙቀቱ 270 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንጨቱ ራሱ ሙቀት እያወጣ መፈራረስ ይጀምራል። 400 ዲግሪ ላይ ላዩን ብታዪው ከሰል ሆኗል። ጠቁሯል፣ ይሰበራል፣ እንጨት አይመስልም። ውስጡ ግን ገና ብዙ ሬንጅ መሳይ ነገር ይዟል። ያ የሚወጣው እሳቱ እስከ 500 ዲግሪ ድረስ ጊዜ ሲያገኝ ነው።

በ300 ዲግሪ ብቻ የከሰለ ከሰል ውስጥ ንጹሑ ካርቦን ከመቶ 68 ያህል ነው። በ500 ዲግሪ ከሆነ 86 ይደርሳል። የቀረው፣ ከትንሽ አመድ በስተቀር፣ ማንደጃ ላይ በጭስና በነበልባል የሚወጣው ተናኝ ነገር ነው። አክሳዩ ታዲያ ለምን እስከ መጨረሻው አያበስለውም? ሂሳቡን እዪው። ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት በ300 ዲግሪ 42 ኪሎ ያህል ከሰል ይገኛል። በ500 ዲግሪ ግን ወደ 33 ይወርዳል። ቀድሞ የከፈተው ሰውዬ 9 ኪሎ አተረፈ ማለት ነው። ያንን 9 ኪሎ ደንበኛሽ በዓይኗ እንባ ትከፍለዋለች። እነዚህ ቁጥሮች በጥሩ ምድጃ የሚገኙ ናቸው። በተለመደው የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ እንጨት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ብቻ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አየር ሾልኮ ይገባና ከሰሉ እዚያው ይነዳል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ሰው ብዙ አያነሳውም እንጂ። የደን ውጤት ማጓጓዝ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ የሚያከስል ሰው ደግሞ ይቸኩላል። በሌሊት ይለኩሳል፣ ሳይበርድ ይከፍታል፣ ውሃ ያፈስበታል፣ ጭኖ ይሮጣል። እንዲህ ያለው ከሰል ጥሬም እርጥብም ስንጥቅጥቅ ያለም ይሆናል። ወረቀት ካለው፣ ከሚታወቅ ማኅበር መግዛት ለሕግ ብቻ ሳይሆን ለጥራትም ይጠቅማል የምልሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ በሩ። ማዳበሪያው ሲመጣ አናቱን አትመኚ። አናቱ ላይ ሁሌም ሸጋ ሸጋው ይደረደራል፤ ላዩ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ። ከጎኑ በትንሹ ቀደድ አድርገሽ ከመሃል ሁለት ሦስት ጉማጅ አውጪ። እርስ በርስ አጋጫቸው። የበሰለ ከሰል ሸክላ ሲጋጭ እንደሚሰማው ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ጥሬው ድብ ይላል። ከዚያ ስበሪው። ስብራቱ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ የእንጨቱ ቀለበት እንዳለ የሚታይ ከሆነ፣ ጥሩ ነው። መሃሉ ወደ ቡናማ ካደላ፣ እጅሽ ላይ እንደ እንጨት ክር እየሆነ ከተሰነጠረ፣ ያ ገና እንጨት ነው። መልሺው። ሰውዬው «አቦ አንቺ ደግሞ!» ማለቱ አይቀርም። ይበል።

ብረት እንደሚያቀልጥ ሰው እስከ ጥግ የበሰለ ከሰልም አትፈልጊ። ከመጠን ያለፈ የበሰለው በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ሲጓዝም ይፈረካከሳል። ትንሽ ተናኝ ነገር የቀረበት ለቤት ይሻላል፣ ክብሪት ቶሎ ይቀበላል። «አልያዝ አለኝ» የሚል ቅሬታ አንድም አልጻፍሽም። ከዚህ ተነስቼ ያንቺ ሰፈር ችግር በጥሬው በኩል ነው ብዬ እገምታለሁ።

ስለ እንጨቱ ብዙ አልልም። ከባድ እንጨት ከባድ ከሰል ይሰጣል፣ ፍሙም ይቆያል። በእናንተ በኩል ግራር ጥሩ ነው። በቆላው ሁሉ የተዛመተው ፕሮሶፒስም ከሰሉ ጠንካራ ነው። መጤ ወራሪ ዛፍ ስለሆነ እሱን ማክሰል ከግራሩ ይልቅ ሕሊናንም አያስጨንቅም። ባህር ዛፍ ቀለል ይላል። ለሻይ ይሆናል፤ ለረጅም ወጥ ግን አይዘልቅም። አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሁሉም ተደባልቆ ሲመጣ ግማሹ አመድ ሆኖ ግማሹ ገና ፍም ይሆናል። ቢቻል አትደባልቂው። «ይሄ ለቡና፣ ይሄ ለወጥ» ብለሽ ለይተሽ ሽጪ። ባጂያ ጠባሾቹ ሞቅ ያለና የሚቆይ ፍም ነው የሚፈልጉት። እነሱ ከረኩ አይለቁሽም።

ወደ እርጥበቱ ስንመጣ ገንዘብሽ የሚፈሰው እዚህ ነው። ከጉድጓድ የወጣ ትኩስ ከሰል ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል፤ ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። ግን ከሰል ስፖንጅ ነው። አየር ላይ በመቀመጡ ብቻ ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆን እርጥበት ይስባል። በደንብ ያልከሰለ ከሆነ 15 ሊደርስ ይችላል። ይሄ ሁሉ ዝናብ ሳይነካው ነው።

30 ኪሎ የሚመዝን ማዳበሪያ እንበል። ከመቶ 15 እርጥበት ካለው 4 ኪሎ ተኩል ውሃ ገዝተሻል። ብዙ ሰው «እርጥብ ከሰል ውሃውን ለማትነን ብዙ እሳት ይበላል» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ያን 4 ኪሎ ተኩል ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገው ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ከሰል ነው። ዋናው ጉዳት በከሰል ዋጋ ውሃ መግዛትሽ ነው። መንጣጣቱም በአብዛኛው ከዚሁ ነው። ጉማጁ ውስጥ የተዘጋው ውሃ በድንገት እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። ቅርፊት የበዛበትና ጥቃቅኑ ከሰልም ይንጣጣል። የልጅቷን ልብስ የበሳው ግን ውሃ ነው ብዬ ብወራረድ አልፈራም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከአንድ ነጋዴ አንድ ማዳበሪያ ገዝቼ ቤት ስመዝነው 34 ኪሎ ሆነ። ደስ አለኝ። ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ፣ ነፍቼ፣ በሦስተኛው ቀን መልሼ ስመዝነው 26። ስምንቱ ኪሎ ውሃና አፈር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከባድ ማዳበሪያ ሳይ ደስ አይለኝም።

አንቺም ይህንኑ አድርጊ። ድሬ ላይ ፀሐይ በነፃ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ክረምቱን ሙሉ የማያገኘው ነገር አለሽ። ከሰሉን ቆርቆሮ ወይም ሸራ ላይ ስስ አድርገሽ አስጪው። ቀን ቀን አገላብጪው፣ ማታ ሸፍኚው። ሁለት ቀን ይበቃል። ምን ያህል እንደጠቀመ ለማወቅ አንድ ኪሎ ለብቻ መዝነሽ አስጪና ከሁለት ቀን በኋላ መልሰሽ መዝኚ። የጎደለው ግራም ውሃ ነው። ከዚያ በደረቅ ቦታ አስቀምጪው። መሬት ላይ አይሁን፤ ጣውላ ይኑረው። ጣሪያው እንዳያፈስ። በመጋቢትና ሚያዝያ ዝናብ፣ ደግሞም በክረምቱ ዝናብ ወቅት በተለይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ገና ትናንት ከጉድጓድ የወጣ ከሰል ከመጣልሽ ወዲያው ቤት ውስጥ አትከምሪው። ትኩስ ከሰል አየር ሲስብ ይሞቃል። ተከምሮ ከታፈነ ያለ ክብሪት ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ደጅ ተበትኖ ይደር። እጅሽን ማዳበሪያው ውስጥ ሰደሽ ለብ ካለሽ አታስገቢው።

አፈርና ድቃቂ። ከሰል በግመል፣ በመኪና፣ በባጃጅ ሲወርድ ሲጫን ይፈረካከሳል። ከጉድጓድ እስከ ማንደጃ ከመቶ 10ና ከዚያ በላይ የሚሆነው ድቃቂ መሆኑ የተለመደ ነው። አፈሩ ደግሞ ከክምሩ ሽፋን የተረፈ ነው። አንዳንዴም ክብደት እንዲጨምር ሆን ተብሎ ይገባል። ማንደጃው ውስጥ ይህ ሁሉ ወንፊቱን ይደፍናል። አየር ከሥር ሳይገባ ሲቀር ፍሙ ይፈዛል፣ ሴትየዋ ታራግባለች፣ አመዱ ወጡ ላይ ይቦናል። ከዚያ «ከሰላችሁ ረክሷል» ትልሻለች።

መድኃኒቱ የግንበኛ አሸዋ መንፊያ ነው። ቀዳዳው የጣት ውፍረት ያህል የሆነ ወንፊት ሽቦ በእንጨት ፍሬም ላይ አስመቺ። አዘንብለሽ አቁሚውና ከሰሉን ከላይ ልቀቂው። የሚንሸራተተው ለሽያጭ፣ የሚያልፈው ለሌላ ሥራ። አፍንጫና አፍሽን በጨርቅ ሸፍኚ። የከሰል ብናኝ ለሳንባ ወዳጅ አይደለም።

የአመዱን ነገር ማረጋገጥ ከፈለግሽ አንድ ኪሎ የደረቀ ከሰል ንጹሕ ማንደጃ ላይ እስከ መጨረሻው አንድጂና አመዱን መዝኚ። ጥሩ ጉማጅ ከሰል 30 ግራም አካባቢ አመድ ይተዋል። ከ50 በታች ደህና ነው። 100 ግራም ከደረሰ አፈር ሸጠውልሻል። አመዱን በጣትሽ እሺው። ንጹሕ አመድ እንደ ዱቄት ይልማል፤ አሸዋ ያለው ይቆረቁራል።

ድቃቂውን አትጣይው። ብሪኬት፣ ማለትም ተጠቅጥቆ ቅርፅ የያዘ የድቃቂ ከሰል ይሆናል። መጀመሪያ ግን አፈሩን ማውጣት አለብሽ። ቀላሉ መንገድ በርሜል ውሃ ነው። ድቃቂውን ውሃው ላይ በትነሽ ስታማስዪ አሸዋው ይሰምጣል፣ ከሰሉ በአብዛኛው ይንሳፈፋል። ከላይ ከላይ ግፈፊው። እንዲህ የማጥበው ለብሪኬት የሚሆነውን ብቻ ነው፤ ለሽያጭ የሚሆነውን ጉማጅ ውሃ አታስነኪው። ከዚያ ለአንድ ኪሎ ድቃቂ ከ40 እስከ 80 ግራም ስታርች በውሃ እንደ አጥሚት አብስይና ደባልቂው። ስታርች ካጣሽ የበቆሎ ወይም የስንዴ ዱቄት ትንሽ ጨመር አድርገሽ ተጠቀሚ። በእጅሽ ስትጨብጪው የማይበተን ከሆነ በቃ። በጣሳ ወይም በቧንቧ ቁራጭ እየጠቀጠቅሽ ቅርፅ አውጪና በደንብ እስኪደርቅ አስጪው። ብዙ ሰው ሸክላ አፈር ይጨምራል። ርካሽ ነው፤ ግን አፈር አይነድም። ትንሽ ከሆነ ፍሙን ያዘገየዋል። ከበዛ ጡብ ሠራሽ እንጂ ከሰል አልሠራሽም።

ስለ ብሪኬት እውነቱን ለደንበኛ ንገሪ። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ረጋ ብሎ ይቆያል። ለባቄላ፣ ለሽሮ፣ ለረጅም የቡና ጨዋታ ጥሩ ነው። ጠዋት ተጣድፋ ሻይ ለምታፈላ ሴት ከሸጥሽላት ትረግምሻለች።

በእናንተ አገር ሌላም ጥሬ ዕቃ አለ፤ ገራባ። ከጫት ተርፎ በየመንደሩ የሚጣለው እንጨቱና ቅጠሉ። ቅጠሉ ለፍየል ይሁን፤ ለከሰል አይመከርም፣ አመዱ ይበዛል። እንጨቱን ግን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ አየር ከልክለሽ ብታከስዪው ለብሪኬት የሚሆን ድቃቂ ይወጣዋል። ከባቢሌ በኩል የሚመጣው የለውዝ ቅርፊትም እንዲሁ። ለጉማጅ ከሰል ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ቀጫጭን ናቸው።

አንዳንዱ ቅሬታ ደግሞ የከሰሉ ጥፋት አይደለም። ሰዉ በፌስታልና በላስቲክ ነው የሚያቀጣጥለው። ከዚያ «ከሰሉ ይጨሳል» ይላል። የሚጨሰው ፌስታሉ ነው፤ ያ ጭስ ደግሞ ከከሰል ጭስ ይብሳል። ከላይና ከታች የተከፈተ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ፍሙ ላይ ብታቆምበት እንደ ጭስ ማውጫ አየር ይስብና ሳይራገብ ይይዛል። አንድ ሁለቱን ሠርተሽ ሱቅሽ ፊት አሳዪ። ማንደጃም ለውጥ ያመጣል። ውስጡ ሸክላ የሆነው ላቀች ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ከሰል ሻጭ ቆጣቢ ማንደጃ ስትሸጥ ገበያዋን የምትዘጋ ይመስላል። እኔ ግን ማንደጃውን ካንቺ የገዛች ከሰሉንም ካንቺ ትገዛለች ባይ ነኝ።

ከዚህ በኋላ የምለውን ግን በቀልድ አትውሰጂው። ጥሩ ከሰል አይጨስም። የማይጨስ ከሰል ግን ይገድላል። ፍም ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ጥሬው ከሰል ቢያንስ ዓይን አስለቅሶ ሰውን ያስወጣል። የበሰለው ዝም ብሎ ነው የሚመታው። የሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላንባታር እ.ኤ.አ. በ2019 ጥሬ የድንጋይ ከሰል በቤት ማንደድን ከልክላ ነዋሪውን ወደ ተሻሻለ ብሪኬት አዞረች። የከተማዋ ጭስ ቀነሰ። በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ግን ቤታቸው ውስጥ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ድሬ ብርድ የላትም፣ ከሰል ቤት አያድርም እንላለን። ግን ቢምቢ ፈርተን መስኮት ዘግተን ቡና እናፈላለን። ሐረር ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዞር ከመጣ ከሰል መትቷል ማለት ነው። ቶሎ ወደ አየር፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ሎሚ ማሽተት አያድንም። ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛ በቃልሽ ንገሪ፤ ፌስታሉ ላይ ብትለጥፊው ደግሞ የተሻለ።

የድንጋይ ከሰል ነገርም ካነሳን፣ «ከፋብሪካ የወጣ ርካሽ ከሰል አለ፣ ቀላቅለሽ ሽጪ» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። ስሙ አንድ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። የያዮና የደልቢ ዓይነቱ ከመሬት የሚቆፈር ከሰል የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ይሁን። በቡና ማንደጃ ላይ ግን ድኝና አመድ ይዞ ይመጣል። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 በየቤቱ የነደደ የድንጋይ ከሰል ጭስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ በጥቂት ቀናት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። እንግሊዞች በ1956 ሕግ አውጥተው ሰዉን ጭስ ወደሌለው ማገዶ ያዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። እንደምንም ብለሽ አትቀላቅዪ።

ዋጋውን እንዴት ታደርጊ? በፌስታል ስትሸጪ የምትለኪው ባዶውን ቦታ ጭምር ነው። ቀላል ከሰል የሚያመጣ ሰው ይጠቀማል፣ ጠንካራ የሚያመጣ ይከስራል። በኪሎ ስትሸጪ ደግሞ ውሃና አፈር የሚጨምር ይጠቀማል። ሁለቱም ቀዳዳ አላቸው። እኔ ብሆን አድርቄ፣ ነፍቼ፣ ከዚያ በኪሎ እሸጣለሁ። ሚዛኑን ደንበኛዋ የምታየው ቦታ አስቀምጪው። ካደረቅሽውና ከነፋሽው በኋላ ክብደቱ ስለሚቀንስ የኪሎ ዋጋሽ ከጎረቤት ሻጭ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ሁለት ማንደጃ አቁሚ። በአንዱ ያንቺን 300 ግራም፣ በሌላው የሌላውን 300 ግራም አድርጊ። እኩል ውሃ ጣጂ። የትኛው ቀድሞ እንደፈላ፣ የትኛውስ ፍሙ እንደቆየ ሰፈሩ ራሱ ይይ።

እናትሽ የምትረጨው ውሃ ቀረ። ምክንያቷ ልክ ነው፣ አቧራው ለእሷም ለጎረቤትም መጥፎ ነው። ስለዚህ «ተሳስተሻል» ብለሽ አትከራከሪያት። ከሰሉ ከመምጣቱ በፊት መሬቱን ትርጭ፣ መንፊያው የሚቆምበትን ቦታ ትርጭ። ከሰሉን ብቻ ትተወው።